«አክሰስ ዲናይድ» ሲል፦ የሼርድ ፎልደር ችግርና መፍትሄ

ድሬዳዋ ውስጥ ከዕቃ አስተላላፊ ቢሮዎች ብዙ ጊዜ የሚደወልልኝ ለአንድ ችግር ነው። ሼርድ ፎልደር (ቢሮው በኔትወርክ የሚጋራው ፎልደር) ውስጥ ፋይሉ ይታያል፣ ሲነካ ግን «አክሰስ ዲናይድ»፣ ማለትም አልተፈቀደልህም፣ ይላል። አጠገቡ ያሉት ፋይሎች ይከፈታሉ። እንዲህ ከሆነ ኔትወርኩ ደህና ነው፤ ራውተሩን አታጥፉ፣ ገመድም አትንቀሉ።

መንስኤው ባብዛኛው ከት ተደርጎ የመጣ ፋይል ነው። ዊንዶውስ ላይ ኮፒ የተደረገ ፋይል የሚያርፍበትን ፎልደር ፈቃድ (ማን መክፈት እንደሚችል የሚወስነውን) ይወርሳል። በዚያው ሼር ውስጥ ከት የተደረገ ፋይል ግን የድሮ ፈቃዱን ይዞ ይሄዳል።

ከዚራ ያለ አንድ ቢሮ ይህ ሲደጋገም አይቻለሁ። የሂሳብ ሠራተኛዋ የጅቡቲን ሰነድ ስካን አድርጋ ሂሳብ ክፍል ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለች። ከዚያ ከት አድርጋ ወደ ጋራው ፎልደር ትወስደዋለች። እሷ ጋ ይከፈታል፣ ትራንዚተሩ ጋ እምቢ ይላል። ዕቃው ደረቅ ወደብ ቆሟል፣ ሹፌሩ በስልክ ይጮሃል። ከእኔ በፊት የተጠራው ባለሙያ ሼሩ ላይ ለ«ኤቭሪዋን» ፉል ኮንትሮል ሰጥቶ ሄዷል። አልሠራም፤ ሊሠራም አይችልም። ፈቃዱ የፎልደሩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሁለት ቦታ ነው የሚታየው፦ ሼሪንግ ላይና ሴኩሪቲ ላይ። ከሁለቱ ጠበቅ ያለው ያሸንፋል። ሼሪንጉን ብቻ ብትለቁት ሴኩሪቲው አሁንም ይከለክላል።

ሴኩሪቲውንም ለሁሉም መልቀቅ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። አንድ ኮምፒውተር ላይ ራንሰምዌር (ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) ከገባ፣ ያ ተጠቃሚ መጻፍ የሚችለውን ፋይል ሁሉ ይቆልፋል። የዓመታት የጉምሩክ ዲክላራሲዮን በአንድ ቀን ይጠፋል።

ጥድፊያ ካለ፣ ፋይሉ የሚከፈትላት ሠራተኛ እዚያው ፎልደር ላይ ኮፒ ፔስት ታድርገው። ኮፒው ለሁሉም ይከፈታል፤ ዋናውን ታጥፋው። ፋይሉ ብዙ ከሆነ ሰርቨሩ (ፎልደሩ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር) ላይ ፎልደሩን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ሴኩሪቲ፣ አድቫንስድ። ከታች «ሪፕሌስ ኦል ቻይልድ ኦብጀክት ፐርሚሽን» የሚለውን ምልክት አድርጋችሁ አፕላይ በሉ። መጀመሪያ ግን ውስጡን እዩ። የደመወዝ ፎልደር ለብቻው ተዘግቶ እዚያ ውስጥ ካለ፣ ያ ጥበቃ ይነሳና ሁሉም ሰው ያየዋል። ዋናው ድራይቭ ላይ ይህን በፍጹም አትሞክሩ።

ከዚያ ሠራተኞቹን ኮፒ ማድረግ አስለምዱ። ይህ ካልሆነ በሳምንቱ ያው ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ ልበል። ሰው ፈቃድ ያለው ግሩፕ ውስጥ ጨምራችሁ አሁንም ከተከለከለ፣ ሎግ ኦፍ አድርጎ ይግባ። ፓስወርድ ከቀየረ በኋላ ከሆነ፣ ክሬደንሻል ማናጀር (ዊንዶውስ ፓስወርድ የሚያስቀምጥበት) ውስጥ የተቀመጠውን አሮጌውን አጥፉ። «ዲናይ» የሚለውን ሳጥን አትንኩ፤ እዚያው ደረጃ ላይ ከተሰጠ ፈቃድ ይበልጣል፣ በኋላ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘትም ፈተና ነው። ዶሜን (ሁሉም በአንድ ሰርቨር ቁጥጥር የሚገባበት ኔትወርክ) ላይ ያለ ኮምፒውተር ሰዓቱ ከ5 ደቂቃ በላይ ከሰርቨሩ ከተለየ መግባት ይከለከላል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደኋላ የሚሄድ ኮምፒውተር ካላችሁ የማዘርቦርዱን ባትሪ ቀይሩ፤ ርካሹን ሳይሆን ደህናውን ግዙ።

24ኤች2 ወደሚባለው የዊንዶውስ 11 ስሪት ያደገ ኮምፒውተር ያለ ፓስወርድ ይከፈት የነበረ አሮጌ የኔትወርክ ማከማቻ ላይ አልገባም ካለ፣ ማከማቻው ላይ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን ስምና ፓስወርድ ክፈቱለት። የዊንዶውሱን መከላከያ አጥፉ የሚላችሁን አትስሙ።