ግሮሰሪ ውስጥ የሳይንስ ምሽት ማዘጋጀት ለምትፈልጉ

አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አንዲት ግሮሰሪ፣ በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ማታ፣ አንድ የሳይንስ ሰው መጥቶ ሃያ ደቂቃ ያወራል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ይጠይቃል። መግቢያው ነጻ ነው፤ መመዝገብ የለም፤ የሚመጣው ሰው ከሥራ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጎራ ያለ ሰው ነው። የማስተባብረው እኔ ነኝ። ቀን ላብራቶሪ ውስጥ የውሃ ናሙና እመረምራለሁ። ሰሞኑን ከቦሌም ከመገናኛም «እኛ ሰፈር እንዴት እንጀምር?» የሚሉኝ ስለበዙ፣ የምናደርገውን እንዳለ ልጻፈው።

ሐሳቡን ያመነጨነው እኛ አይደለንም። ማርክ ሶቴ የተባለ ፈረንሳዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1992 ፓሪስ ውስጥ ሰው ካፌ እየሰበሰበ ፍልስፍና ያወያይ ጀመር። እንግሊዛዊው የቴሌቪዥን አዘጋጅ ደንከን ዳላስ ይህን አይቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ሊድስ ከተማ ላይ በሳይንስ ሞከረው፤ ስሙንም ካፌ ሲያንቲፊክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ተመራማሪዎችን በየመጠጥ ቤቱ የሚያስገባው ፓይንት ኦፍ ሳይንስ ተጀመረ። ለእኛ አገር ሰው በብርሌ ዙሪያ ቁም ነገር ማውራት አዲስ አይደለም፤ የጎደለው ሳይንቲስቱ ነበር።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። አብዛኞቻችን የተማርነው ጥያቄ መጠየቅ «ይህም አልገባህም?» በሚያስብልበት ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ አዳራሽ ውስጥ ስንሰበሰብ የሚናገሩት ሁልጊዜ የሚናገሩት ሰዎች ናቸው፤ ሌላው አጨብጭቦ ይሄዳል። ግሮሰሪ የምንገባው ይህን ለመስበር ነው። ወንበሩን ስታስቀምጡ፣ ሰዓቱን ስትቆርጡ፣ ተናጋሪ ስትመርጡ፣ ጥግ ላይ ብቻውን የተቀመጠው ሰው ሳያፍር ይጠይቅ ዘንድ ይረዳዋል ወይ ብላችሁ አስቡ። የማይረዳውን ነገር ተዉት።

ቤት ስትመርጡ ከሠላሳ እስከ አርባ ሰው የሚይዝ ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ማይክ ያስፈልጋል፤ ማይክ ከገባ ደግሞ ሰው ንግግር ማድረግ ይጀምራል። ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ፤ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ከሆነ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንዳችሁም አትደማመጡም። እኔ ሴት ነኝና መጀመሪያ የማየው መጸዳጃ ቤቱንና ከበሩ እስከ ታክሲው ያለውን መንገድ ነው። መጸዳጃው የማይዘጋ፣ መንገዱ መብራት የሌለው ከሆነ ሴቶች አንድ ጊዜ መጥተው ሁለተኛ አይመጡም።

መጀመሪያ የጀመርነው ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ አጠገብ በነበረች ጠባብ ቤት ነው። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲነሳ ቤቷም አብራ ተነሳች። ለሁለት ወር ቤት ፍለጋ ስንዞር ያልተበተንነው «የወሩ መጀመሪያ ሰኞ» የሚለውን ሁሉም በቃሉ ስለያዘው ነው። ቤት ይቀየራል፣ ቀኑን አትቀይሩ።

ከባለቤቱ ጋር ስትነጋገሩ በግልጽ ተነጋገሩ። አሁን ያለንባትን ቤት የያዙት እናት ናቸው፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። መጀመሪያ ስነግራቸው የፈሩት አንድ ነገር ነበር፦ «አንድ አምቦ ውሃ ይዞ ሦስት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ልታመጪብኝ ነው?» እውነታቸውን ነው። እኔም «እትዬ፣ በጣም የሚቀዘቅዝብዎትን ቀን ይስጡኝ» አልኳቸው፤ ዕድላችን ሆኖ የእኛው ሰኞ ሆነ። የተስማማነው ይህን ነው፦ ኪራይ የለም፣ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ተኩል ሙዚቃና ቴሌቪዥን ይዘጋል፣ በሃያዋ ደቂቃ የማኪያቶ ማሽኑ አይነሳም፣ ማንም ሰው እንዲያዝዝ አይገደድም። ሻይ የሚጠጣውም ድራፍት የሚጠጣውም እኩል እንግዳ ነው። የማይጠጣ ሰው የማይመቸው ቤት ከሆነ ግማሹን ከተማ በር ላይ መለሳችሁት ማለት ነው።

አስተናጋጆቹን አትርሱ። ርዕሱን ከአንድ ቀን በፊት እነግራቸዋለሁ፣ ትእዛዝም ከንግግሩ በፊትና በእረፍት ብቻ እንዲቀበሉ እንነጋገራለን። እነሱም አድማጮች ናቸው። ከሰማኋቸው ጥሩ ጥያቄዎች አንዱን የጠየቀችው ትሪ ይዛ የቆመች ልጅ ናት።

አንድ የሕግ ነገርም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ልጋብዝ ካላችሁ መጠጥ የማይሸጥበት ካፌ ፈልጉና በቅዳሜ ከሰዓት አድርጉት፤ እኛም በዓመት ሁለት ጊዜ እንደዚያ እናደርጋለን።

ስለ ቀን ስናወራ የመጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ፒያሳ እያለን የጀመርነው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ ጾም ነው፤ ብዙ ሰው ግሮሰሪ አይገባም። የገባው ደግሞ ለቻምፒየንስ ሊግ ቦታ ሊይዝ ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ሲዘጋ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች በአንድ አፍ ጮኹ። ጋብዤ ያመጣኋቸው መምህር ወረቀታቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ይቅርታ ጠይቄ በር ድረስ ሸኘኋቸው፤ እስከ ዛሬ ሳስበው ይቆረቁረኛል። ከዚያ ወዲያ ነው ሰኞ ያደረግነው። ስለዚህ ጾሙንና የኳሱን ፕሮግራም አይታችሁ ቁረጡ። ሲጀመርም በሰዓቱ ይጀመር፤ 12 ሰዓት ተኩል ካላችሁ 12 ሰዓት ተኩል ነው። ሰው ሲረፍድበት ሁለት ወር ይረፍድበታል፣ በሦስተኛው በሰዓቱ ይመጣል። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ጨርሱ፣ ታክሲ ሳይጠፋ።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ተናጋሪው። የመሀል ከተማ ሰው በዚህ ዕድለኛ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተፈጥሮ ሳይንስ ሰዎች እዚሁ አራት ኪሎ ናቸው፣ ብሔራዊ ሙዚየም ወደ አምስት ኪሎ ስትሄዱ ነው፣ የአክሊሉ ለማ ፓቶባዮሎጂ ተቋምም ሩቅ አይደለም። (ዶክተር አክሊሉ እንዶድ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት፣ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይተው ነው። ይህን ታሪክ ገና ያልሰማ ሰው ስንት እንዳለ ብታዩ ትገረማላችሁ።) በደብዳቤ አትጋብዙ፤ ደብዳቤ ቢሮ ገብቶ ይቀራል። በአካል ሂዱ፣ ቡና ጋብዙ፣ «ሰሞኑን ሥራዎ ላይ ምን አስገረመዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄዋን ሲሰሙ ፊታቸው የሚበራ አሉ፣ እነሱን ያዙ። ስለ ማዕረጋቸውና ስላሳተሙት ብዛት የሚጀምሩትን አመስግናችሁ ተለያዩ።

ሲስማሙ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ፕሮጀክተር የለም። ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው። የሚዳሰስ ወይም የሚታይ አንድ ነገር ይዘው ይመጣሉ። ሦስተኛው ምሽቱን ያድነዋል።

አንድ የፊዚክስ መምህር ከእኔ ላብራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሰው መጡ። የእትዬን ማንቆርቆሪያ ካውንተሩ ላይ ጥደው «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» አሉ። ቤቱ በሙሉ በአንድ ድምፅ፦ መቶ! ውሃው ሲንተከተክ በር አጠገብ የተቀመጠውን ወጣት ጠርተው ቁጥሩን እንዲያነብ አደረጉ። ልጁ አየ፣ ጠጋ ብሎ ደግሞ አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «ዘጠና ሁለት» አለ። ቤቱ ጸጥ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ላያችን ላይ የሚጫነን አየር ስለሚቀል ውሃው ቶሎ ይፈላል፣ ግን ብዙ ሳይግል። ድሬዳዋ ያደገ አንድ ሹፌር ተነስቶ «እናቴ እዚህ መጥታ ባቄላው አልበስል ሲላት ማገዶው ነው ትል ነበር» አለ። እየፈላ ያለው ውሃ ራሱ የድሬዳዋውን ያህል እንደማይግል መምህሩ ነገሩት። ከዚያ ጥያቄው በላይ በላይ መጣ፦ ክዳኑ ጥብቅ የሚለው ድስት ለምን ያፈጥናል? ከባሕር ወለል በታች ዳሎል ላይስ ስንት ይሆናል? (ከመቶ በትንሹ ይበልጣል።) ያን ማታ ሃያዋ ደቂቃ አላለቀችም፤ መምህሩ በስምንተኛው ደቂቃ ንግግራቸውን ትተው ሲመልሱ አመሹ።

በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የሚመጣው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባም ሲሰማ፣ የሥነ ምድር ባለሙያ ጋበዝን። ቤቱ ጢም ብሎ ሰው በር ላይ ቆመ። ባለሙያው አንድ አምባሻ አውጥተው ጫፍና ጫፉን ይዘው ቀስ እያሉ ሳቡት። መሀሉ ሳሳ፣ ተሰነጠቀ። «ስምጥ ሸለቆ ይኸው ነው፤ በዓመት የሚለያየው ግን ጥቂት ሚሊሜትር ነው» አሉ። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ አፋር ውስጥ፣ ደባሁ አካባቢ፣ በቀናት ውስጥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው መሬት እንዴት እንደተከፈተም ነገሩን። ሰው «ነገ ይመጣል ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። «ቀኑን የሚነግርህ ሰው ካገኘህ አትመነው፣ ማንም አያውቅም» አሉ። ከዚያ ፍርሃቱ ወደ ሌላ ጥያቄ ዞረ፤ የቤቴ ግድግዳ እንዴት ነው የተሠራው ወደሚለው። ተናጋሪያችሁን «አላውቅም ማለት ይችላሉ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ብዙዎቹ ይህን ፈቃድ ሲያገኙ ትከሻቸው ይቀላል።

ቋንቋ ላይ አንድ ምሽት አብራችሁ ተቀመጡ። በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሲጨንቀው ወደ እንግሊዝኛው ይሸሻል። ስለ ጠጅ ያወሩልን ተመራማሪ ለልምምድ ስንቀመጥ «ፈርመንቴሽን»ን አሥር ጊዜ አሉ። «እናትዎ ጠጅ ሲጥሉ ምን ይላሉ?» አልኳቸው። ሳቁና «ፈላ» አሉ። ከዚያ በኋላ እርሾውም ብርዙም ጌሾውም በስማቸው መጡ። በምሽቱ ሁለት ጠርሙስ ብርዝ ይዘው መጡ፣ አንዱ ከአምስት ቀን በፊት የተጣለ፣ አንዱ የዚያን ቀን። አፋቸው ላይ ፊኛ ታስሯል። የአምስት ቀኑ ፊኛ ተነፍቶ ቆሟል፤ የዕለቱ ጠርሙስ ላይ ተንጠልጥሏል። እርሾው ስኳሩን በልቶ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚያወጣ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። አንድ አባት «ጌሾ ያልገባበት ብርዝ ታዲያ ለምን አያሰክርም?» አሉ። መልሱ ሁላችንንም አስደነቀን፦ ብርዝ የማያሰክረው ቶሎ ስለሚጠጣ ነው፤ ቀናት ቢያድር ያለ ጌሾም ይፈላል፤ እርሾ ከማሩም ከእቃውም ይገባልና። ጌሾው ምሬቱን ይሰጣል፣ አንዳንድ የሚያበላሹ ባክቴሪያዎችንም ይገታል።

ከንግግሩ በኋላ አሥር ደቂቃ እረፍት አድርጉ። አትዝለሉት፤ ዓይናፋሩ ሰው ጥያቄውን አጠገቡ ላለው ሰው ሹክ የሚለው ያኔ ነው። እኔ በየጠረጴዛው እዞራለሁ። ከአስተናጋጆቹ የትእዛዝ ወረቀት ገንጥለን ከየቆሎው ሳህን ስር እናስቀምጣለን፤ ሰው ይጽፋል፣ እሰበስባለሁ። ስንመለስ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ ከኋላ ጠረጴዛ፣ ቢቻል ከሴት ወይም ከወጣት ይሁን። የመጀመሪያውን ጥያቄ ዶክተር ከጠየቀ የቀረው ቤት ዝም ይላል።

አስተያየት ብሎ ተነስቶ የማይቀመጥ ሰው ይኖራል። ታላቅ ከሆኑ አጠገባቸው ሄጄ እጄን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ «ጋሼ፣ ይቺን ለሻይ እናቆያት፣ ጥያቄዋን ብቻ» እላለሁ፤ እስካሁን የተቀየመኝ የለም። እምነት ሲነሳም አትደንግጡ። ስለ ድንቅነሽ ባወራን ማታ አንድ ሰው «3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላችሁት ማን ቆጥሮ ነው?» ብሎ በቁጣ ጠየቀ። ተናጋሪዋ አልተከራከረችውም። የተለካው አጥንቱ እንዳልሆነ፣ ሐዳር ላይ በደለሉ መካከል ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ እንደሆነ፣ በአመዱ ውስጥ ፖታሲየም ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ እሱ እንደሚቆጠር አስረዳችው። ሰውዬው አልተስማማም፤ ግን ወንበሩን ስቦ ቀረበ፣ ሌላም ጠየቀ። ማንንም ለማሳመን አትጣሉ፤ «እንዴት ታወቀ?» የሚለውን ብቻ መልሱ።

ገንዘብ ብዙ አይፈልግም። ለተናጋሪው እራትና የራይድ ሂሳብ አስተባባሪዎቹ አራት ሆነን እናዋጣለን፤ የቢራ ድርጅት ስፖንሰር አንወስድም፤ ምክንያቱም ምሽቱ የመጠጥ ማስታወቂያ እንዲሆን አልፈልግም። ለመብራት መጥፋት ሁለት የሚሞላ ባትሪ እቃ ውስጥ ይኑር።

መጨረሻ ላይ ያልተመለሱት ጥያቄዎች ደብተር ላይ ይጻፋሉ። ደብተሩ ከእትዬ ካውንተር ስር ነው የሚቀመጠው፤ የሚቀጥለውን ወር ተናጋሪ የምንፈልገው ከእሱ ነው። ባለፈው ሰኞ የግሮሰሪው መኪና ጠባቂ በር ላይ እንደቆመ ያጻፈኝ ጥያቄ አለ፦ ጋኑን በወይራ ማጠን ጠላውን ምን ያደርገዋል? ሦስት ኬሚስት ጠይቄ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ፤ ሦስቱንም ለሰኞ ጠርቻቸዋለሁ።