ጣና ዳር በቡድን ስትሰፍሩ መኪና ቢበላሽ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ቁንዝላ ወይም በወረታ በኩል ወደ ጎርጎራ ድንኳን ጭኖ የሚወጣ ቡድን በአብዛኛው የሚቸገረው በጎማ፣ በጭቃ፣ በሞተር ሙቀትና በባትሪ ነው። ዕቃው ከተያዘና ሥራው አስቀድሞ ከተከፋፈለ አራቱንም ያለ ጋራዥ መወጣት ይቻላል። ሳይከፋፈል ከተወጣ ግን አንዱ ክሪክ ሲፈልግ፣ ሌላው ሞተሩን ደጋግሞ ሲሞክር፣ ፊት የሄደው መኪና ምንም ሳይሰማ ወረታን አልፎ ይሄዳል።

መፍቻ መያዝ የሚያውቀው ሹፌር የመጨረሻውን መኪና ይንዳ። ገመዱም፣ ጎማ መንፊያውም፣ የመፍቻ ሣጥኑም ከእሱ ጋር ይሁን። የፊቱ መኪና ቢቆም የኋላው ይደርስበታል፤ ዕቃው ፊት ሆኖ የኋላው ቢቆም ግን ዕቃውን ማሳደድ ሊመጣ ነው። እያንዳንዱ ሹፌር ከኋላው ያለውን በስፖኪዮ ይከታተል፤ መታጠፊያ ላይ የኋላው ሳይታይ አይታጠፍ። ይህ ዘዴ ስልክ በማይሠራበት ቦታም ይሠራል።

ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ባሕር ዳር እያላችሁ አውርዱት። ንፋሱን መለካት ብቻ አይበቃም። በሃይሉክስና በሚኒባስ ስኮርታው ከሥር በሰንሰለት ስለሚንጠለጠል የማውረጃው ብሎን በጭቃና በዝገት ይይዛል፤ ይህንንም ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ማወቅ አያስፈልግም። የጎማ መፍቻው ዳዶዎቹን (ጎማውን የሚያስሩትን ብሎኖች) በትክክል መያዙንም እዚያው ሞክሩ። ከዚህ ሌላ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነና 4 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚወፍር ጣውላ፣ አካፋ፣ ከ8 እስከ 10 ሜትር የሚሆን መጎተቻ ቀበቶ፣ የባትሪ ኬብል፣ በ12 ቮልት የሚሠራ ጎማ መንፊያና መለኪያ፣ ከ8 እስከ 19 ቁጥር መፍቻዎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሽቦ፣ ፊውዝ፣ ትርፍ ቺንጊያ (የሞተር ቀበቶ)፣ 2 ሊትር የሞተር ዘይት፣ አንድ የልብስ ሳሙና እና 20 ሊትር ውሃ ያዙ። ውሃው የሞተር ነው፤ ለቡና አይነካም።

መኪና ሲቆም ከመታጠፊያና ከአቀበት አናት አርቃችሁ አቁሙ፤ ተሳፋሪዎች ወርደው ከመንገዱ ወጣ ብለው ይቀመጡ። አንጸባራቂ ምልክት ከሌለ ቅጠልና ድንጋይ መደርደር የታወቀ ነው፤ ስትሄዱ ግን ድንጋዩን አንሱት። ማታ መብራቱ ደካማ የሆነ ባጃጅ እዚያው ድንጋይ ላይ ይገለበጣል። ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ሞተሩን ይመልከት፣ አንድ ሰው ብቻ ያግዘው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ችግሩ ካልታወቀ ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ካለፈ መጠገኑን ተዉትና መጎተት ወይስ እዚያው ማደር የሚለውን ወስኑ። ማደር ከሆነ ለአካባቢው ሰው ወይም ለቀበሌው አስታውቁ። ድንኳኑን ከውሃው ዳር አርቁ፤ ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል።

አሁን ወደ ጭቃው። በፎገራና በደንቢያ ሜዳ የሚበዛው ጥቁር ዋልካ ነው። ሲርስ ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ፓራፋንጎውን ይሞላና ጎማው መዞር ያቅተዋል፤ ያኔ ጥሩ ጎማም ፎር ዊልም አይረዳም። ከባድ ዝናብ ከዘነበ ግማሽ ቀን ፀሐይ መጠበቅ ከምንም ይሻላል። የሐይቁ ዳርቻ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ጣና የሚሞላው በመስከረምና በጥቅምት ነው፤ ከዚያ እስከ ግንቦት እየሸሸ ይሄዳል። ውሃው የለቀቀው መሬት ላዩ ቅርፊት ሠርቶ ደረቅ ይመስላል፣ ሥሩ ግን ረግረግ ነው። ደንገል ወይም የደንገል ጉቶ ባለበት መኪና አታስገቡ። ሌላውንም ቦታ አንድ ሰው ቀድሞ በእግሩ ይሂድበት፤ ተረከዙን አጥብቆ ሲመታ ከሁለት ጣት በላይ ከሰመጠ መኪናው አይሞክረው።

ከተያዘ ነዳጅ መርገጥ አቁሙ። ጎማው በዞረ ቁጥር ይቆፍራል፤ የመኪናው ሆድ መሬት ከነካ ሥራው በሦስት እጥፍ ይጨምራል። ሰውም ዕቃም አውርዱ። በድሮው ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ማርሹን ፎር ዊል ማስገባት ብቻውን የፊት ጎማ አያሠራም፤ የሁለቱም የፊት ጎማ መሐል ላይ ያለው መቆለፊያ በእጅ ወደ ሎክ መዞር አለበት። ብዙ ሰው አንደኛውን ቆልፎ ሌላውን ይረሳል። ከዚያ የጎማውን ንፋስ ከ35 ወደ 20 ፒ.ኤስ.አይ አውርዱ፤ ጎማው ጠፍጠፍ ሲል መሬት የሚይዝበት ይሰፋል። ከ15 በታች ከወረደ ግን ጎማው ከቸርኬው (ከብረቱ) ሊወጣ ይችላል። ከአራቱም ጎማ ፊትና ኋላ ያለውን ጭቃ ቆፍራችሁ ድንጋይ፣ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ገለባ አስገቡ። መውጫው በመጣችሁበት ዱካ ወደ ኋላ ነው፤ ያ መሬት አንዴ መኪና ተሸክሟል። ትንሹን (ዝግተኛውን) ፎር ዊል አስገብታችሁ፣ ነዳጁን ቀስ እያላችሁ፣ መሪውን ሳታዞሩ ውጡ።

የሚጎትተው መኪና ደረቅ መሬት ላይ ይቁም። ቀበቶው የሚታሰረው ሻሲ ላይ ባለው መንጠቆ ነው፤ ተጎታች ጋሪ በሚታሰርበት ኳስ ላይ በፍጹም አታስሩ፤ ኳሱ ተቆርጦ ሲወረወር ሰው ይገድላል። ቀበቶው መሐል ላይ ከባድ ጋቢ ወይም አፈር ያለበት ጆንያ ጣሉበት፤ ቢበጠስ ጉልበቱን ይይዘዋል። ቀበቶው 10 ሜትር ከሆነ ሰው ከ15 ሜትር ወዲህ አይቁም፤ ሊያግዙ የመጡ ልጆችንም አርቁ። የወረደውን ንፋስ አስፋልት ሳትደርሱ መልሱ፤ በ20 ንፋስ በፍጥነት የሚሄድ ጎማ ይግልና ይፈነዳል።

ጎማ ሲተነፍስ ክሪኩን ጣውላው ላይ አስቀምጡት፤ አለበለዚያ መኪናው ከመነሳቱ ይልቅ ክሪኩ ይሰምጣል። ከሚቀየረው ጎማ በሰያፍ ያለውን ጎማ በሁለት በኩል በድንጋይ አግዱ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ዳዶዎቹን መኪናው መሬት ላይ እያለ ግማሽ ዙር አላሉ። ስኮርታውን እስክትቀይሩ ድረስ ሻሲው ሥር አስተኙት፤ ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናው ሰው ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ያርፋል። ዳዶዎቹን በመስቀል ቅደም ተከተል አጥብቁ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ቆማችሁ ደግሞ ፈትሹ። የጎማ መጠገኛ ክር የሚሠራው ካላማዳሪ ለሌለው ጎማ፣ ያውም የሚረግጠው ፊቱ ላይ ለተወጋ ብቻ ነው። ጎኑ የተቀደደ ጎማ አይጠገንም። ሁለተኛ ጎማ ከተነፈሰ ጎማውን ብቻ በባጃጅ ጭናችሁ ወደ ቅርቡ ጎሚስታ ላኩ፤ ወረታ፣ አዲስ ዘመን፣ ቆላ ድባ፣ የቀረባችሁ ጋ።

ሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ኤሲውን አጥፍታችሁ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ቦታ እስክታገኙ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። ቆማችሁ ሞተሩን ካጠፋችሁ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የራዲያተሩን ክዳን አትንኩ። ጣና ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለሚል ውሃ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ራዲያተሩ ውስጥ ያለውን ከዚያ በላይ ሳይፈላ የያዘው የክዳኑ ግፊት ነው፤ ሲከፈት ፊት ላይ ይፈነዳል። እስኪበርድ ቺንጊያው እንዳልተበጠሰ፣ ቱቦ እንዳላፈሰሰ፣ የራዲያተሩ ፊት በሣርና በጭቃ እንዳልተደፈነ እዩ። ውሃ ስትጨምሩ ሞተሩ እየሠራ ቀስ በቀስ ይሁን፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ከተገለበጠ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል። የያዛችሁት ውሃ ካለቀ የሐይቁን በነጠላ አጣርታችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፤ ቢልሃርዚያ ስላለ ግን በባዶ እግር ውሃ ውስጥ ገብታችሁ አትቅዱ።

ባትሪ የሚሞተው ማታ በሙዚቃ፣ በመብራትና በስልክ ቻርጅ ነው። እነዚህን ሁሉ ከአንድ መኪና ብቻ ተጠቀሙ፣ የሌላው ይረፍ። ጠዋት ቁልፉ «ጠቅ» ብቻ ካለ መጀመሪያ የባትሪውን ራሶች በእጅ አነቃንቁ፤ ላልቶ ወይም ነጭ ዝገት ይዞ ሊሆን ይችላል። ካልሆነ ኬብሉን ቀዩን ከሞተው ባትሪ ፖዘቲቭ፣ ሌላኛውን ጫፍ ከደህናው ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን ከደህናው ኔጌቲቭ፣ የመጨረሻውን ጫፍ ደግሞ ባትሪው በሞተበት መኪና ሞተር ላይ፣ ከባትሪው ርቆ ባለ ብረት እሰሩ። አሥር ደቂቃ ደህናውን አስነስታችሁ አቆዩ፣ ከዚያ ሞክሩ። ለእርዳታ የቆመ ትልቅ የጭነት መኪና 24 ቮልት ሊሆን ስለሚችል ሳትጠይቁ ኬብሉን አታስሩበት። ገፍቶ ማስነሳት በሁለተኛ ማርሽና በፍሪሲዮን ይቻላል፤ አውቶማቲክ መኪና በመገፋት አይነሳም።

ናፍጣ አልቆበት የቆመ መኪና ነዳጅ ቢጨመርለትም አየር ስለገባ ወዲያው አይነሳም፤ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ጫኑ። ታንከር በድንጋይ ተበስቶ ቢያንጠባጥብ የልብስ ሳሙናውን ቀዳዳው ላይ ጠቅጥቃችሁ ለጉት፤ ሳሙና በነዳጅ ስለማይሟሟ ከተማ ድረስ ይይዛል። ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ድርብርብ የሞላ ብረት) ከተሰበረ በሻሲውና በአክሰሉ መሐል ግንድ አስገብታችሁ በሽቦ እሰሩና በሰዓት ከ20 ኪሎ ሜትር ሳታልፉ ንዱ። የፍሬን ዘይት የሚያፈስ መኪና ግን አይነዳም፣ በገመድም አይጎተትም፤ ቁልቁለት ላይ ጎታቹን ይመታል። ዘጌ ላይ ከሆናችሁ ሁለት ሰው ከመኪናው ጋር ቀርቶ ሌላውን በሞተር ጀልባ ወደ ባሕር ዳር መላክ ይቻላል።

ባሕር ዳር ስትመለሱ መጀመሪያ ከጎማው ውስጥና ከራዲያተሩ ፊት የደረቀውን ዋልካ እጠቡ፤ ቸርኬ ውስጥ የቀረ ጭቃ በአስፋልት መሪውን ያንቀጠቅጣል። የራዲያተሩን ክንፍ በከፍተኛ ግፊት አትርጩት፣ ይታጠፋል። መኪናው ወንዝ ተሻግሮ ወይም እስከ አክሰሉ ውሃ ውስጥ ቆሞ ከነበረ የዲፈረንሻሉን ዘይት ጥቂት አፍስሱና እዩ፤ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታልና በዚያው ሳምንት ይቀየር።