የመኪና ቤዝ ሣጥን ሲያስቸግር፦ ስፒከሩን ከመቀየራችሁ በፊት ቱቦውን ለኩ

ከባሕር ዳር ደብረ ማርቆስ በሚመላለሱ ሚኒባሶች ቤዙ ሲበላሽ መጀመሪያ የሚወቀሰው ስፒከሩ ነው፤ ቀጥሎ አምፕሊፋየሩ። አየር የሚያስወጣ ቱቦ ያለው ሣጥን ከሆነ ግን እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው እንጨቱንና ቱቦውን ነው። አናጺዎቻችን እጃቸው ጥሩ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የሣጥኑን ልክ የሚወስነው የተረፈው ጣውላ ነው።

ምንም ሳትነኩ ይህን ፈትሹ። ስልካችሁ ላይ ድምፅ በኸርዝ የሚያወጣ መተግበሪያ ጫኑ፤ ቮልዩሙን ዝቅ አድርጋችሁ ከ60 ኸርዝ ወደ 25 ቀስ እያላችሁ ውረዱ። የስፒከሩ ወረቀት መንቀሳቀሱን ሊያቆም የሚቃረብበት፣ ከቱቦው የሚወጣው ንፋስ ግን የሚበረታበት ቁጥር የሣጥኑ ቅኝት ነው። ለመኪና ከ32 እስከ 38 ኸርዝ ያለውን እመርጣለሁ።

ሁሉም ዘፈን አንድ ዓይነት «ዱም» ይላል፤ ከበሮው ከቤዝ ጊታሩ አይለይም
ቅኝቱ ከፍ ብሏል፤ ሣጥኑ ጠቧል ወይም ቱቦው አጥሯል። የስፒከሩ ጀርባና ቱቦው የሚይዙት ቦታ ተቀንሶ 50 ሊትር የሚቀረው ሣጥን፣ የውስጥ ስፋቱ 10 ሳ.ሜ በሆነ ቱቦ 35 ኸርዝ እንዲመታ ቱቦው 31 ሳ.ሜ ያህል መርዘም አለበት። ያው ቱቦ 20 ሳ.ሜ ላይ ከተቆረጠ ቅኝቱ ወደ 41 ይወጣል። ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የውጭ ስፋቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ የፍሳሽ ፒቪሲ ግዙ፣ አስረዝማችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ እየሞከራችሁ አሳጥሩ። ያጠረውን መቀጠል ጣጣ ነው።

ድምፅ ሲጨመር ቱቦው ያፏጫል
አፉ ጠቧል። ጉልበት ላለው ስፒከር በየ28 ሊትሩ ከ77 እስከ 100 ካሬ ሳ.ሜ የቱቦ አፍ ይመከራል፤ ባለ 10 ሳ.ሜው ቱቦ ያለው ግን 78 ብቻ ስለሆነ ለ50 ሊትር ያንሳል። ችግሩ አፉን እጥፍ ስታሰፉ ቅኝቱ እንዳይለወጥ ርዝመቱም እጥፍ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሣጥኑ ከሚሠራበት ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ሰሌዳ) ግድግዳውን ተከትሎ የሚታጠፍ መተላለፊያ አሠሩ፤ የሚበላውን ሊትር ለማካካስ ሣጥኑ ከውጭ ይተልቃል። ፉጨቱ ቀላል ከሆነ የቱቦውን ሁለት ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ማድቦልቦል ይበቃ ይሆናል።

ወረቀቱ ከልክ በላይ ይዘላል፣ የመቃጠል ሽታ አለ
ወዲያው አጥፉ። ከቅኝቱ በታች ባለ ድምፅ አየሩ ስፒከሩን መያዝ ያቆማል። አምፑ ላይ ያለውን «ሰብሶኒክ» (ከልክ በላይ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚቆርጥ ማጣሪያ) ለ35 ኸርዝ ሣጥን 30 አካባቢ አድርጉት፤ ከሌለው ቤዝ ቡስቱን ዜሮ አድርጉ።

ቤዙ ደክሟል
ሁለት ስፒከር ካለ የአንዱ ፕላስና ማይነስ ተገልብጦ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ ቱቦው ፊት ምን እንዳለ ተመልከቱ፤ ቡሬ ላይ የተጫነ የበርበሬ ጆንያ ተደግፎበት ከሆነ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ከቱቦው ስፋት ያላነሰ ክፍት ቦታ ተዉለት።

ካልሆነ ሣጥኑ ያስተነፍሳል። በክረምት ርጥበት የኤምዲኤፍ ጠርዝ አብጦ መገጣጠሚያው ይከፈታል። ቤዙን እያጫወታችሁ ሰንደል አብሩና በየመገጣጠሚያው አዙሩት፤ ጭሱ የሚርገበገብበትን በደረቅ ቀን ከውስጥ በሲሊኮን ድፈኑ።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ካልሆነ የስፒከሩን መግለጫ አውጡና ኤፍ-ኤስን (Fs፣ ስፒከሩ ብቻውን የሚንቀጠቀጥበት ኸርዝ) ለኪው-ኢ-ኤስ (Qes፣ ሞተሩ ወረቀቱን ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር) አካፍሉ። ከ100 በላይ ከሆነ ቱቦ ይስማማዋል። ከ50 በታች ከወጣ ለዝግ ሣጥን የተሠራ ነውና ቱቦውን ድፈኑት።