በኤሊፕቲካል ላይ የሄዱትን ርቀት እንዴት ማስላት ይቻላል

ኤሊፕቲካል፣ ማለትም ቆመው ሁለት ፔዳል እየረገጡ የሚሠሩበት የስፖርት ማሽን፣ ከቦታው ንቅንቅ አይልም፤ ስለዚህ ስክሪኑ የሚያሳየው ኪሎ ሜትር የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው። በብዙ የቤት ማሽኖች ውስጥ ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው መዘውር ላይ ትንሽ ማግኔት አለች። ማግኔቷ በሴንሰሩ ፊት ባለፈች ቁጥር ስክሪኑ አንድ ይቆጥርና ፋብሪካው ባስገባለት ቋሚ ቁጥር ያባዛል። ያ ቁጥር ከፔዳልዎ ርምጃ ጋር ላይገጥም ይችላል። ራስዎ ለማስላት መለኪያ ሜትር፣ ፕላስተርና የስልክዎ ሰዓት ይበቃሉ።

መጀመሪያ የርምጃውን ርዝመት ይለኩ። ከማሽኑ ወርደው አንዱን ፔዳል በእጅዎ ቀስ ብለው ወደፊት እስከሚሄድበት ድረስ ይግፉትና በጫፉ ትይዩ ወለሉ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ያንኑ ፔዳል ወደኋላ መጨረሻው ድረስ ወስደው በዚያው ጫፍ ትይዩ ሁለተኛውን ይለጥፉ። በሁለቱ ፕላስተሮች መካከል ያለው ርቀት የርምጃው ርዝመት ነው። ፔዳሉ ከወለሉ ከፍ ስለሚል በዓይን ግምት መሳሳት ቀላል ነው፤ ክር ላይ ትንሽ ነገር አስረው እንደ ቱንቢ ከፔዳሉ ጫፍ ቢያንጠለጥሉ ይሻላል። 45 ሳንቲ ሜትር ላይ የ3 ሳንቲ ሜትር ስህተት ውጤቱን 7 በመቶ ገደማ ያዛባል። መመሪያው ርዝመቱን በኢንች ከጻፈው በ2.54 ያባዙት።

ቀጥሎ ስክሪኑ በደቂቃ የሚቆጥረው ዙር ይሁን ርምጃ ይለዩ። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። አንድ ሙሉ ዙር ሁለት ርምጃ ነው፤ የቀኝና የግራ። ፍጥነትዎን ሳይቀይሩ ለአንድ ደቂቃ ቀኝ እግርዎን ብቻ ይቁጠሩ። ስክሪኑ ያሳየው ከቆጠሩት ጋር እኩል ከሆነ ዙር ነው፤ እጥፍ ከሆነ ርምጃ። ይህን ያልለየ ሰው መልሱ ወይ በግማሽ ያንሳል ወይ እጥፍ ይሆናል።

ከዚያ ማባዛት ነው። በደቂቃ 60 ዙር 120 ርምጃ ይሆናል። በ30 ደቂቃ 3600 ርምጃ፣ በ0.45 ሜትር ሲባዛ 1620 ሜትር። ቁጥሩ ቢያንስብዎ አይገረሙ፤ ስክሪኑ ከዚህ በብዙ አብልጦ ሊያሳይ ይችላል።

በየቀኑ ላለማስላት ማረሚያ ቁጥር ያውጡ። ስክሪኑን ዜሮ አድርገው በዚሁ ፍጥነት 10 ደቂቃ ይሥሩ። በእርስዎ ስሌት 0.54 ኪሎ ሜትር ሆኖ ስክሪኑ 1.50 ካለ፣ 0.54 ለ1.50 ሲካፈል 0.36 ይመጣል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ 4 ኪሎ ሜትር ሲል በ0.36 አባዝተው 1.44 ብለው ይመዝግቡ። ከማካፈልዎ በፊት ግን ስክሪኑ በማይል አለመሆኑን ይዩ፤ አንድ ማይል 1.609 ኪሎ ሜትር ነው።

እየሠሩ ቁጥሩ ከቆመ ወይም ከዘለለ ባትሪውን፣ የሴንሰሩን ሽቦና ማግኔቷ ከቦታዋ አለመንሸራተቷን ይመልከቱ።

ፔዳሉን ማክበድ ርቀቱን አይጨምረውም፤ ድካሙን እንጂ። ስለዚህ የዛሬን ርቀት ከትናንቱ ጋር ሲያወዳድሩ የክብደት ደረጃውንም አብረው ይጻፉ። የርምጃ ርዝመቱ ወይም ከፍታው የሚስተካከል ማሽን ከሆነ ደግሞ ማስተካከያውን በነኩ ቁጥር ፕላስተሩን አንስተው እንደገና ይለኩ።