ራም ጨምራችሁ ዴስክቶፑ አልነሳ ካለ

ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ማዘርቦርዱ ተቃጠለ ብላችሁ አትደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ ራሙ በደንብ ስላልገባ ነው። የፓወር ገመዱን ንቀሉና ማብሪያውን ትንሽ ተጭናችሁ ያዙት፣ የቀረው ኤሌክትሪክ ይውጣ፣ ከዛ ራሙን አውጥታችሁ ወርቃማውን ጥርስ በንፁህ ላጲስ ቀስ ብላችሁ ጥረጉና ፍርፋሪውን አራግፋችሁ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ስኩት፣ ጫን ማድረግ አትፍሩ። አንዷን ብቻ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ባለ አራት ስሎት (የራም መሰኪያ) ከሆነ አብዛኛው ቦርድ ላይ የምትሰኩባት ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ስሎት ላይ ነው። አሁንም እምቢ ካለ ገመዱ እንደተነቀለ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ አውጥታችሁ መልሱ፣ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው የቦርዱ ሴቲንግ) ሪሴት ይሆናል (ሰዓቱን በኋላ ታስተካክላላችሁ)።

ራሙ ዲዲአር5 (አምስተኛው የራም ትውልድ) ከሆነ ግን መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እስኪለማመድ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል፣ ቶሎ አታጥፉት በናታችሁ።

ደሞ ዩዝድ ስትገዙ ከሰርቨር የወጣ ሬጂስተርድ ራም እንዳይሰጧችሁ፣ ዋጋው ቀነስ ስለሚል ያጓጓል፣ ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 ላይ ስሎቱ ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል ግን ተራ ዴስክቶፕ በሱ አይነሳም። ስቲከሩ ላይ ለምሳሌ ፒሲ4-2400ቲ (PC4-2400T) ብሎ ቀጥሎ አር (R) ካለበት እሱ ነው፣ ሳትከፍሉ እዩት።