ሱፐርቻርጀር ባለው ሞተር ላይ ባይፓስ ቫልቭ እንዴት እንደሚገጠም፦ ባሕር ዳር ለሚነዳ መኪና

እንደ ሜርሴዲስ ኮምፕሬሰር ከፋብሪካው ሱፐርቻርጀር (በሞተሩ ኃይል እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) ይዞ የመጣ መኪና የራሱ ባይፓስ ስላለው ይህ አይመለከተውም። ችግሩ በኋላ የተገጠመና ባይፓስ የሌለው የሩትስ ዓይነት (ሁለት የሚሽከረከሩ ሮተሮች ያሉት) ሱፐርቻርጀር ላይ ነው። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ቺንጋው ሮተሮቹን ስለሚያዞር፣ ከባጃጅ ኋላ ቆመው ሲጠብቁ እንኳ አየሩን ያምሳል፣ ያሞቃል፣ ጉልበት ይበላል። ባይፓስ ቫልቭ ነዳጅ አጥብቆ ባልተረገጠበት ሰዓት የሱፐርቻርጀሩን መውጫ ከመግቢያው ጋር ያገናኛል፤ ሲረገጥ ይዘጋል። ጉልበት ይጨምራል ብሎ የሚገጥመው ያዝናል፤ ጥቅሙ ቤንዚን መቆጠቡና አየሩ አለመሞቁ ነው።

በመጀመሪያ ትሮትሉ (ነዳጅ ሲረገጥ የሚከፈተው የአየር በር) የት እንዳለ ይዩ። ከሱፐርቻርጀሩ በፊት፣ በፊልትሮው በኩል ከሆነ ከታች ያለው ሁሉ ይሠራል። ከሱፐርቻርጀሩ በኋላ ከሆነ የቫልቩ ሥራም አገጣጠሙም ስለሚለይ እዚህ የተጻፈውን አይከተሉ። አየር ወደ ውጭ የሚተፋውን ቫልቭ ደግሞ ለድምፁ ብለው አይግዙ። ትሮትሉ ከፊት በሆነበት ሞተር ላይ ያ ቫልቭ ሲከፈት አይተፋም፤ ያልተጣራ የመንገድ አቧራ ይስባል።

ከ1.6 እስከ 2 ሊትር ላለው ሞተር 25 ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ቫልቭ ዝቅተኛው ነው፤ 32 ቢሆን ይሻላል። ከፒስተን ዓይነቱ ይልቅ የቢራቢሮ ዓይነቱን (በመካከሉ ዘንግ ላይ የሚዞር ክዳን ያለውን) ይምረጡ፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ይመጣል። ባለ ብዙ ንብርብር የሲሊኮን ቱቦ፣ አራት ፋሼታ፣ ውስጡ 4 ሚሊሜትር የሆነ የቫኪዩም ቱቦ፣ ለመበየድ ሁለት የአሉሚኒየም አፎች (ቱቦው የሚሰካባቸው አጭር ቧንቧዎች) ያዘጋጁ። የራዲያተር ጎማ አይሆንም፤ በቫኪዩም ተጨምቆ ይዘጋል፣ በዘይት ጭጋግም ይለሰልሳል።

አንደኛው አፍ በትሮትሉና በሱፐርቻርጀሩ መግቢያ መካከል፣ ሁለተኛው ከመውጫው በኋላ ይበየዳል። ክፍሎቹን ሳይፈቱ በትራፓኖ አይብሱ። በሮተሮቹና በቤታቸው መካከል ያለው ክፍተት ከፀጉር ብዙም አይሰፋም፤ አንዲት የአሉሚኒየም ፍቅፋቂ ገብታ ሱፐርቻርጀሩን ታበላሻለች። ፈትተው ይብሱ፣ በአርጎን ያስበይዱ፣ በቤንዚን ያጥቡ፣ በነጭ ጨርቅ ጠርገው ጨርቁን ይዩ። ጨርቁ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ካለ እንደገና ይጠቡ። መልሶ መግጠሙ የታወቀ ነው፤ ጓርኒሲዮኑን ብቻ አዲስ ያድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሞላው ላይ ነው። ቫልቩን የሚከፍተው ቫኪዩም፣ የሚዘጋው ሞላ ነው። መጽሐፍ ላይ የሚገኘው ቁጥር በባሕር ወለል ደረጃ ለሚነዳ መኪና ነው፤ እዚያ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ18 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ይስባል። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በየ300 ሜትሩ 1 ኢንች ይቀንሳል ብሎ መያዝ ይበቃል። ስለዚህ ያው ጤነኛ ሞተር እዚህ ከ12 እስከ 15 ብቻ ያሳያል።

በ17 ኢንች ሙሉ በሙሉ የሚከፈት ቫልቭ ታዲያ እዚህ ግማሽ ላይ ይንጠለጠላል። ሞላውና ቫኪዩሙ ሲጓተቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ከኮፈኑ ሥር ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ቫልቩ ተበላሽቷል ተብሎ ይቀየራል፤ አዲሱም ያንኑ ያደርጋል።

ከመግጠምዎ በፊት ይለኩ። ሞተሩ ሞቆ፣ ኤሲውና መብራቱ በርተው፣ ሚኒሞ ላይ ያለውን ቫኪዩም ያንብቡ፤ 13 አለ እንበል። ከዚያ ቫልቩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው በእጅ ቫኪዩም ፓምፕ ይሳቡት። 4 ወይም 5 ላይ መንቀሳቀስ ጀምሮ፣ ከለኩት ቁጥር ቢያንስ 3 ኢንች ቀደም ብሎ፣ ማለትም 10 ላይ፣ ፍጹም መከፈት አለበት። እዚያው ይዘው አንድ ደቂቃ ይጠብቁ፤ የጌጁ መርፌ ከወረደ ዲያፍራሙ (ቫኪዩሙ የሚስበው ስስ ጎማ) ተቀዷል።

ቫልቩ እምቢ ካለ የሞላውን ጫፍ መቁረጥ የተለመደ አቋራጭ ነው፤ መጥፎም ነው። ጥቅሉ ሲቀነስ የቀረው ሞላ ይደድራል፤ መከፈት ቶሎ ይጀምራል፣ ለመጨረስ ግን ያስቸግራል። ማስተካከያ ቡሎን ያለውን ቫልቭ ይግዙ ወይም ከሞላው ሥር ሮንዴላ ካለ ያውጡ። ከልክ በላይ ማላላትም አይበጅም፦ የፒስተን ዓይነቱን የታመቀው አየር ራሱ ገፍቶ ይከፍተዋል። ቢራቢሮው ላይ ግን ግፊቱ በሁለቱም ክንፍ እኩል ስለሚያርፍ አይገፋውም።

የቫኪዩም ምልክቱ ከትሮትሉ በኋላ፣ ከሱፐርቻርጀሩ በፊት ይወሰድ። ለመጥለፍ ስለሚቀል ብዙዎች ከኮሌቶሩ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ይወስዱታል። ያኔ ቫልቩ ትንሽ ሲዘጋ ኮሌቶሩ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ቫኪዩሙ ይጠፋል፣ ቫልቩ ባንድ ጊዜ ጥርቅም ይላል፤ መኪናው ይዘላል። ከመግቢያው ሲወሰድ ግን ቫልቩ ሲዘጋ ሱፐርቻርጀሩ አጥብቆ ስለሚስብ ቫኪዩሙ መልሶ ይይዘዋል፤ አዘጋጉ ለስላሳ ይሆናል። ቱቦው ከ40 ሳንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል።

መጋጠሚያዎቹን ሳሙና ቀብተው በ0.5 ባር አየር ይፈትሹ፤ አረፋ ካለ ፋሼታውን ያጥብቁ። ለሙከራ የአባይን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ወረታ የሚወስደው ሜዳ መንገድ ይመቻል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር በእኩል ፍጥነት ሲሄዱ የመግቢያውና የኮሌቶሩ ጌጅ ሊመሳሰሉ ይገባል፤ ከተራራቁ ቫልቩ አልተከፈተም። ተመልሰው የበዛዊትን ዳገት ነዳጅ ረግጠው ይውጡ፤ የኮሌቶሩ ጌጅ ወዲያው ከዜሮ በላይ መውጣት አለበት። ጌጁን አጠገብዎ የተቀመጠ ሰው ያንብበው።

በባሕር ወለል 0.5 ባር የሚሰጥ ሱፐርቻርጀር እዚህ 0.4 ገደማ ቢያሳይ ቫልቩ እያፈሰ ነው ማለት አይደለም። ሱፐርቻርጀሩ የሚያበዛው ያገኘውን አየር ነው፤ እዚህ ያገኘው ትንሽ ነው። የጎደለውን ለመሙላት ሱፐርቻርጀሩን ፈጠን አድርጎ የሚያዞር ትንሽ ፑሌጃ የሚያስገጥሙ አሉ። ያው መኪና ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል፤ ድልድዩ ጋ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ አየሩም ይግላል። ጎሐ ጽዮንን ለመውጣት ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ መንኳኳት የሚጀምረው እዚያ ነው።