በጃዝ ኮርዶች ላይ ሶሎ የሚጫወት ጊታሪስት ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በአዲስ አበባ የጃዝ ምሽቶች ወጣት ጊታሪስቶች ሲጫወቱ የሚሰማው ችግር ብዙ ጊዜ የጣት አይደለም። ጣታቸው ፈጣን ነው፤ ከዩቲዩብ የለቃቀሙት ስኬልም (ተራ በተራ የሚደረደሩ ኖታዎች) ሞልቷል። ችግሩ ኮርዱ (አብረው የሚመቱት ኖታዎች) ሲቀየር ሶሎው ባለበት መቅረቱ ነው። ባሱና ኪቦርዱ ዝም ቢሉ እንኳ ሰሚው ከሶሎው ብቻ ኮርዱ የት እንደደረሰ ማወቅ መቻል አለበት።

ከሁሉ የሚብሰው ስህተት ለእያንዳንዱ ኮርድ አንድ የስኬል ስም ሸምድዶ መምጣት ነው። በሲ ሜጀር ውስጥ ዲ ማይነር ሰቨን፣ ጂ ሰቨን፣ ሲ ሜጀር ሰቨን ሲመጣ ተማሪው «ዲ ዶሪያን፣ ጂ ሚክሶሊዲያን፣ ሲ አዮኒያን» ይላል። ሦስቱም እነዚያው ሰባት ኖታዎች ናቸው፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ቢ። ስሙ ሦስት ጊዜ ተቀየረ፤ ጆሮ የሰማው ግን ያንኑ ሲ ሜጀር ነው። ይባስ ብሎ ሁሉም ከሩቱ (ኮርዱ ከሚሰየምበት ኖታ) ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዲ እስከ ዲ፣ ከጂ እስከ ጂ። ይሄ የጣት ማፍታቻ እንጂ ሶሎ አይደለም። ፍጥነቱ በደቂቃ 120 ምት ሆኖ አንዱ ኮርድ 2 ምት ብቻ ከቆየ ያላችሁ ጊዜ 1 ሰከንድ ነው፤ በየግማሽ ምቱ ብትመቱ 4 ኖታ። ሰባት ኖታ ያለው ስኬል 4 ቦታ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ጥያቄው «የትኛው ስኬል?» ከመሆኑ በፊት «የትኞቹ 4 ኖታዎች?» መሆን አለበት። በዲ ማይነር ላይ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፤ በጂ ሰቨን ላይ ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ ብትሉ እንደ ዶሪያንና ሚክሶሊዲያን ካለ ከማንኛውም የሞድ ስም በላይ ኮርዱ ይሰማል።

መድኃኒቱ ከሩቱ ሲቆጠር የየኮርዱ 3ኛና 7ኛ ኖታ ነው። ጊታሩን አንሱና 4ኛውን ክር 3ኛ ፍሬት ላይ፣ 3ኛውን ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ያዙ፤ ኤፍ እና ሲ፣ ማለትም የዲ ማይነር ሰቨን 3ኛና 7ኛ። ወደ ጂ ሰቨን ስትሄዱ ኤፍ ባለበት ይቆያል፤ 3ኛው ክር ብቻ ወደ 4ኛ ፍሬት ወርዶ ቢ ይሆናል። ወደ ሲ ሜጀር ሰቨን ሲደረስ ደግሞ ቢ ባለበት ይቆማል፤ 4ኛው ክር ወደ 2ኛ ፍሬት ወርዶ ኢ ይሆናል። በየኮርዱ ለውጥ የተንቀሳቀሰው አንድ ጣት፣ አንድ ፍሬት ነው። ሶሎው ላይ ያችን የተንቀሳቀሰች ኖታ ኮርዱ በተቀየረበት የመጀመሪያ ምት ላይ ካሳረፋችኋት በመሃል የምትጫወቱት ሁሉ መልክ ይይዛል። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርጉና እያንዳንዱን ድምፅ 2ኛው እና 4ኛው ምት ነው ብላችሁ ቁጠሩ፤ መጀመሪያ 3ኛና 7ኛዎቹን ብቻ፣ ቀጥሎ በመካከላቸው አንድ ኖታ፣ ከዚያ ሁለት እያስገባችሁ ሂዱ። ይህ አምፕ አይፈልግም፤ መብራት በጠፋበት ማታም ይሠራል። ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ በታክሲ ስትሄዱ ደግሞ በለሆሳስ አዚሙት። ያልተዘመረ ኖታ ሲቸኩሉ ጣት አያገኘውም።

ማይነር ላይ ደግሞ ሌላ ጥፋት አለ። ቢ ሃፍ ዲሚኒሽድ፣ ኢ ሰቨን፣ ኤ ማይነር ሲመጣ ብዙዎች ከዳር እስከ ዳር የኤ ማይነር ፔንታቶኒክ (አምስት ኖታ ያለው ስኬል) ይጫወታሉ። እሱ ውስጥ ጂ አለ፤ የኢ ሰቨን 3ኛ ግን ጂ ሻርፕ ነው። ብሉዝ ላይ ይህ ግጭት ጣዕም ይሆናል፤ እዚህ ግን ኮርዱን ያፈርሰዋል። ኢ ሰቨን ላይ ስትደርሱ ጂን ወደ ጂ ሻርፕ ከፍ አድርጉ፤ ሰባት ኖታ ባለው የኤ ማይነር ስኬል ላይ ይህን ስታደርጉ ኤ ሃርሞኒክ ማይነር ይሆናል። 1ኛው ክር ላይ 4ኛው ፍሬት ጂ ሻርፕ፣ 5ኛው ኤ ነው። ቁልፏ እዚያች አንድ ፍሬት ላይ ናት።

12 ባር (የምት ክፍል) እየዞረ በሚደገምበት በኤፍ ብሉዝ 5ኛው ባር ላይ ቢ ፍላት ሰቨን ሲገባ ኤ ወደ ኤ ፍላት መውረድ አለበት። ይህን የማያደርግ ሰው 12ቱን ባር ባይቆጥር ይሻለዋል፤ ኮርዱ እንደተቀየረ የሚነግረን ይሄ ኖታ ነውና። 8ኛው ባር ላይ ዲ ሰቨን ካለ ኤፍ ሻርፕን አትርሱ።

ኦልተርድ ስኬል (5ኛና 9ኛ ኖታዎቹ ከፍ ወይም ዝቅ የተደረጉበት) የተማረ ሰው ሰቨን ኮርድ ባየ ቁጥር ይጠቀምበታል። አይሆንም። መጀመሪያ ኮርዱ ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። ጂ ሰቨን ወደ ሲ የሚያርፍ ከሆነ ኦልተርድ ያምርበታል፦ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላት፣ ቢ፣ ዲ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ። እነዚህ ከጂ አንድ ፍሬት ከፍ ብሎ የሚጀምረው የኤ ፍላት ሜሎዲክ ማይነር (6ኛና 7ኛ ኖታው ከፍ ያለ ማይነር) ኖታዎች ናቸው። በሲ ሜጀር ውስጥ ግን ዲ ሰቨን 2 ባር ቆይቶ ወደ ዲ ማይነር ሰቨን ቢሄድ ውጥረቱ የሚፈታበት ማረፊያ የለውም። እዚያ ላይ ከ5ኛው የሚነሳውን ሜሎዲክ ማይነር፣ ማለትም የኤን ተጠቀሙ፤ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ጂ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ይሰጣችኋል። ግማሽና ሙሉ ቶን (አንድና ሁለት ፍሬት) የሚፈራረቁበት ዲሚኒሽድ ስኬልም በሰቨን ኮርድ ላይ በግማሽ ቶን ይጀምራል፣ በዲሚኒሽድ ኮርድ ላይ በሙሉ ቶን፤ ከተገላበጠ በመጀመሪያው እርምጃ ይበላሻል።

ሲ ሜጀር ሰቨን ላይ ኤፍን ይዞ መቆየትም ያስቸግራል፤ ከኢ በግማሽ ቶን ብቻ ስለሚርቅ ይፋጫል። ማለፊያ ይሁን፣ ማረፊያ አይሁን።

አሁን ወደ ራሳችን ቅኝት። አዲስ አበባ ያደገ ጊታሪስት ጆሮው ውስጥ ትዝታና ባቲ ተቀምጠዋል፤ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ስህተቱ አንዱን ቅኝት በአንድ ቦታ ይዞ ኮርዱ ሁሉ እስኪያልቅ መድገም ነው። ቅኝቱ ይንቀሳቀስ። ዲ ማይነር ሰቨን ላይ የትዝታ ሜጀርን ኖታዎች ከኤፍ ጀምሩ (ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ዲ)። ጂ ሰቨን ላይ ያንኑ ከዲ ፍላት (ዲ ፍላት፣ ኢ ፍላት፣ ኤፍ፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላት)። ሲ ሜጀር ሰቨን ላይ ከጂ (ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ)። በመጨረሻው ውስጥ ያ አስቸጋሪው ኤፍ ጭራሹኑ የለም። ከዲ ፍላቱ ስትወጡ ኤፍ ወደ ኢ፣ ኤ ፍላት ወደ ጂ በአንድ ፍሬት ይወርዳሉ። የምታውቁት የጣት አያያዝ ነው፤ የሚቀየረው ቦታው ብቻ ነው። አንቺሆዬን ከኢ ብትጀምሩት ደግሞ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ሻርፕ ይሆናል፤ ወደ ዲ ማይነር በሚያርፍ ኤ ሰቨን ላይ ሞክሩት። ከኮርዱ 1ኛ፣ 3ኛና 5ኛ ጋር ፍላት 9ኛውንና ፍላት 13ኛውን (ቢ ፍላትንና ኤፍን) በአንድ እጅ ታገኛላችሁ።

የዚህ ተቃራኒም በኢትዮ ጃዝ ዜማ ላይ ይፈጸማል፤ ይሄኛው የበለጠ ያሳዝናል። ዜማው በሲ ትዝታ ማይነር ነው እንበል፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ሶሎ የሚጫወተው ግን «ማይነር ነው» ብሎ ኤፍ እና ቢ ፍላት ይጨምርበታል። በዚያች ቅጽበት ትዝታው ይጠፋል፤ የትም አገር የሚሰማ ማይነር ይቀራል። ቅኝቱን ቅኝት የሚያደርገው የተዘለለው ቦታ ነው። ሙላቱ አስታጥቄ ቦስተን በርክሊ የተማረ ሰው ሆኖ ሳለ በቃለ መጠይቆቹ ደጋግሞ የሚያነሳው ጥንቃቄ ይሄው ነው፦ ከበስተኋላ የሚገባው ኮርድ የአምስቱን ኖታ መልክ እንዳያጠፋው። አምባሰልን ከኢ ውሰዱ፤ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። ከሥሩ ኢ ማይነር ከተመታ ቅኝቱ ውስጥ የሌለ ጂ ይገባል። ኤፍ ሜጀር ሰቨን ከሆነ ግን አምስቱም ቦታቸውን ያገኛሉ፤ ኤፍ ሩት፣ ኤ 3ኛ፣ ሲ 5ኛ፣ ኢ 7ኛ፣ ቢ ደግሞ ሻርፕ 11ኛ። ማሲንቆ ፍሬት ስለሌለው አንቺሆዬ ላይ ጊታር የማይደርስባቸውን ድምፆች ያወጣል፤ አብራችሁ ስትጫወቱ ክሩን በትንሹ እየሳባችሁ ተጠጉት እንጂ በፍሬቱ አትከራከሩት።

መድረክ ከመውጣታችሁ በፊት ኪቦርዲስቱን ጠይቁ፦ «ጂ ሰቨኑን ከነ13ኛው ነው የምትይዘው ወይስ ኦልተርድ?» እሱ ኢ ይዞ እናንተ ኢ ፍላት ላይ ብትቆዩ ሁለታችሁም ልክ ሆናችሁ አብራችሁ ትሳሳታላችሁ። ካልተስማማችሁ ወይም ለመጠየቅ ጊዜ ከሌለ ቢ እና ኤፍ ላይ ተቀመጡ፤ የኮርዱ 3ኛና 7ኛ ስለሆኑ ከሁለቱም ጋር ይሄዳሉ።